በሒሳብ ወደ ኋላ የቀረውን ልጅ ስለ መርዳት

ለገጠር ትምህርት ቤት አስተማሪዎችና ለሀገር ሽማግሌዎች የተዘጋጀ ትምህርት፤ ምሳሌው ከዲላና ከጌዴኦ ዞን የተወሰደ

ክፍል ፩። ሒሳብ ለጌዴኦ ልጅ ስለ ምን ያስፈልገዋል

ሒሳብ ማለት ቍጥርን በቃል ማነብነብ አይደለም፤ የራስን ድርሻ ከባልንጀራ ድርሻ ለይቶ ማወቅ፥ ከብዙው ጥቂቱን አውጥቶ የቀረውን መናገር፥ የተነገረውንም ዋጋ መርምሮ መቀበል ነው። ሒሳብን የማያውቅ ሰው በጨለማ በሰው እጅ ተይዞ እንደሚሄድ መንገደኛ ነው፤ ከቤቱ በደኅና የሚደርሰው መሪው እውነተኛ የሆነ እንደ ሆነ ብቻ ነው።

ይህ ነገር በጌዴኦ ምድር በግልጥ ይታያል። የዞኑ ዋና ከተማ ዲላ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የቡና ገበያ ናት። በወናጎ፥ በይርጋ ጨፌ፥ በኮቸሬና በገደብ ያለው ገበሬ እንሰትን፥ ቡናንና ታላላቅ ዛፎችን በአንድ ማሳ አስማምቶ ያለማል። ይህ ከአባቶች የተወረሰ ጥበብ የተከበረ ስለ ሆነ፥ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ. ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ። ነገር ግን አባት በድካም ያለማው ቡና ለቤተ ሰቡ ሙሉ ጥቅም የሚሰጠው፥ ቡናው በሚዛን ላይ በወጣ ጊዜ ቍጥሩን የሚያነብና ዋጋውን የሚያሰላ ሰው በቤቱ የተገኘ እንደ ሆነ ነው።

ለምሳሌ አንድ ቤተ ሰብ 38 ኪሎ እሸት ቡና ወደ ማጠቢያ ጣቢያ ይዞ ቢሄድ፥ የአንዱም ኪሎ ዋጋ 60 ብር ቢሆን፥ የሚገባው ገንዘብ 2,280 ብር ነው። ከፋዩ ተሳስቶ 2,080 ብር ቢቈጥር፥ «200 ብር ጐደለ» ብሎ በትሕትና የሚናገር ሰው ያስፈልጋል። ደግሞ ንጹሕ ቡና በፈረሱላ ይነገራል፤ አንዱ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማውጣት 6 ኪሎ ያህል እሸት ስለሚያስፈልግ፥ አንድ ፈረሱላ የሚወጣው ከ102 ኪሎ ያህል እሸት ነው። ይህን የሚያሰላ ልጅ ማባዛትንና ማካፈልን ማወቅ አለበት፤ ማባዛትን ለማወቅ ደግሞ አስቀድሞ መደመርን፥ መደመርንም ለማወቅ አስቀድሞ የአንድንና የአሥርን ቤት ማወቅ አለበት።

ክፍል ፪። ልጅ ወደ ኋላ የሚቀርበት ምክንያት

ብዙ ሰዎች በሒሳብ የደከመውን ልጅ ባዩ ጊዜ «ይህ ልጅ አእምሮ የለውም» ይላሉ። ይህ አነጋገር ትክክል አይደለም፤ ልጁንም ይጐዳዋል። ሒሳብ እንደ መሰላል ነው። በሌላው ትምህርት አንድ ሳምንት ያመለጠው ልጅ የሚቀጥለውን ሳምንት ሊከታተል ይችል ይሆናል፤ በሒሳብ ግን አንዱ እርከን ከተሰበረ በላዩ ያለው ሁሉ አይደረስበትም። ስለዚህ አስተማሪው «ይህ ልጅ ሰነፍ ነው ወይስ ብልህ ነው?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ፥ «የተሰበረው እርከን የትኛው ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል።

በጌዴኦ ይህ እርከን የሚሰበርበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ዋና ዋናው ግን እንደሚከተለው ነው።

ፊተኛው የቡና ለቀማ ነው። ቡናው የሚቀላው በጥቅምት፥ በኅዳርና በታኅሣሥ ስለ ሆነ፥ ትምህርት በተጠናከረበት ወራት ልጆች ወደ ማሳ ይሄዳሉ። ከአሥር ቤት ተበድሮ መቀነስ በተማረበት ሳምንት ያልነበረ ልጅ፥ በጥር ሲመለስ ጓደኞቹን በማባዛት ላይ ያገኛቸዋል።

ሁለተኛው የትምህርት መቋረጥ ነው። በ2010 ዓ. ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ በተነሣው ግጭት በብዙ መቶ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቀለ። በመጋቢት 2012 ዓ. ም. ደግሞ ስለ ኮሮና በሽታ በመላው ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው እስከሚቀጥለው የትምህርት ዘመን ቈዩ። በእነዚያ ዓመታት በታችኞቹ ክፍሎች የነበሩት ልጆች እያደጉ ወደ ላይኞቹ ክፍሎች ወጥተዋል፤ የጐደለውም ትምህርት አብሮአቸው ወጥቷል።

ሦስተኛው ቋንቋ ነው። በ1986 ዓ. ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው እንዲማር ስለ ፈቀደ፥ የጌዴኦ ልጅ በጌዴኡፋ ትምህርቱን ይጀምራል። ይሁን እንጂ በዲላ ገበያ ዋጋውን በአማርኛ ይሰማል፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በገባ ጊዜም ሒሳቡን በእንግሊዝኛ ይማራል። ነገሩን በአንዱ ቋንቋ ሳይረዳ ቃሉ የተለወጠበት ልጅ፥ ቃሉንም ነገሩንም ያጣል።

አራተኛው የተማሪው ብዛት ነው። በአንድ ክፍል እጅግ ብዙ ልጆች በተቀመጡ ጊዜ አስተማሪው የሚሰማው እጃቸውን የሚያነሡትን ብቻ ነው። ዝም ያለው ልጅ ያወቀ ይመስላል፤ ወደሚቀጥለውም ክፍል ያልፋል።

የዚህ ሁሉ ፍጻሜ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ይገለጣል። በ2014 ዓ. ም. የትምህርት ዘመን ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ይህም ከመቶ 3.3 ነው። የ2015 ዓ. ም. ውጤትም ከዚህ የተሻለ አልነበረም። መንግሥትም ከወደቁት መካከል የተመረጡት በዩኒቨርሲቲ የማካካሻ ትምህርት እንዲማሩ አደረገ። ይህ ፈተና የሒሳብ ብቻ አይደለም፤ ነገር ግን በሦስተኛ ክፍል በአንድ ወር ሊጠገን የሚችል ጕድለት ዘጠኝ ዓመት ከቈየ በኋላ ለመጠገን ምን ያህል ከባድ እንደሚሆን ያስረዳል።

ክፍል ፫። ከቀድሞው ትምህርትና ከሌላው ዓለም የሚገኝ ምሳሌ

በሀገራችን የቄስ ትምህርት ቤት ተማሪ የሚመደበው በዕድሜው ወይም በቁመቱ አይደለም፤ በንባቡ ነው። ፊደል የሚቈጥር ከፊደል ጋራ፥ መልእክተ ዮሐንስን የሚያነብ ከመልእክቱ ጋራ፥ ዳዊት የሚደግም ከዳዊት ጋራ ይቀመጣል። የፊተኛውን ሳይጨርስ ወደ ሁለተኛው የሚያልፍ የለም፤ ቀድሞ ያወቀውም ታናሹን ያስቈጥራል። ይህ ሥርዓት ጕድለት ነበረበት፤ ዱላው ብዙ፥ ማብራሪያው ጥቂት ነበር። ነገር ግን እያንዳንዱን ልጅ በደረሰበት ቦታ አግኝቶ ማስተማር ከእርሱ ሊወሰድ የሚገባው መልካም ነገር ነው።

ስሕተትን መርምሮ ማግኘትም በባሕረ ሐሳብ ይታያል። ለምሳሌ የ2017 ዓመተ ምሕረትን አበቅቴና መጥቅዕ የሚፈልግ ሰው 5500 ጨምሮ 7517 ዓመተ ዓለም ያገኛል። ይህን ለ19 ሲያካፍል 395 ጊዜ ደርሶ 12 ይተርፋል፤ ከዚህ አንድ ሲቀንስ ወንበሩ 11 ይሆናል። ወንበሩን በ11 ሲያባዛ 121፥ በ30 ሲገድፈው 1 ይቀራል፤ ይህ አበቅቴ ነው። ወንበሩን በ19 ሲያባዛ 209፥ በ30 ሲገድፈው 29 ይቀራል፤ ይህም መጥቅዕ ነው። የሁለቱ ድምር 30 ነው። ድምሩ 30 ያልሆነለት ተማሪ እንደ ተሳሳተ ወዲያው ያውቃል፤ መምህሩም በማካፈሉ፥ በማባዛቱ ወይም በመግደፉ እንደ ሆነ ደረጃ በደረጃ ወደ ኋላ እየተመለሰ ይመረምረዋል እንጂ «አልገባህም» ብሎ አያሰናብተውም። በሒሳብ ወደ ኋላ የቀረውን ልጅ የመርዳት ሥራ ሁሉ ከዚህ ምሳሌ አይወጣም።

በሌላውም ዓለም እንዲሁ ነው። በህንድ አገር ፕራታም የተባለው ማኅበር ልጆችን በክፍላቸው ሳይሆን በሚችሉት መጠን ለይቶ በየቀኑ ለጥቂት ሰዓት የማስተማርን መንገድ አስፋፋ። እንዲህ ያለውን ትምህርት በማስረጃ ከመረመሩት ሊቃውንት ሁለቱ፥ አብሂጂት ባነርጂና ኤስተር ዱፍሎ፥ በ2019 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር የኖቤልን የኤኮኖሚ ሽልማት ከሌላ ሊቅ ጋራ ተቀበሉ። በደቡብ ኢትዮጵያም ስፒድ ስኩል የተባሉት ክፍሎች ከትምህርት ገበታ የራቁ ልጆችን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ክፍሎች ትምህርት በ10 ወር አስተምረው ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት መልሰዋል። በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ደግሞ በሒሳብ የደከሙትን ልጆች ለመርዳት ብቻ የሚቀጠር አስተማሪ አለ። የገጠር ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ሰው ለብቻው ለመቅጠር ባይችልም፥ ከአስተማሪዎቹ መካከል ታጋሽ የሆነውን መርጦ ጥቂት ሰዓት ሊሰጠው ይችላል።

ክፍል ፬። የረዳቱ አስተማሪ ሥራ

ሀ) መመርመር። አስተማሪው ልጁን ለብቻው ጠርቶ፥ ሌሎች ልጆች በማይሰሙበት ስፍራ፥ በሚያውቀው ቋንቋ እነዚህን ሰባት ነገሮች በተራ ይጠይቀው።

፩. 20 የቡና ፍሬ ቈጥሮ እንዲያስረክብ።
፪. 47 የተጻፈውን እንዲያነብ፥ ስድሳ ሦስትን እንዲጽፍ።
፫. ከ58ና ከ85 የሚበልጠውን ለይቶ ስለ ምን እንደሚበልጥ እንዲናገር።
፬. 38ንና 25ን እንዲደምር።
፭. ከ52 ላይ 27ን እንዲቀንስ።
፮. 17ን በ6 እንዲያባዛ።
፯. 96ን ለ4 እንዲያካፍል።

በተከታታይ ሁለቱን መመለስ ያቃተው ልጅ ከዚያ በላይ አይጠየቅ፤ ትምህርቱ የሚጀመረው ከዚያው ነው። ልጁ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሆኖ በሦስተኛው ጥያቄ ላይ ቢቆም አስተማሪው አይደንግጥ፤ በልጁም ፊት አይገረም።

ለ) ምክንያቱን መጠየቅ። የተሳሳተ መልስ ከንቱ አይደለም፤ ልጁ ምን እንዳሰበ ይናገራል። ከ52 ላይ 27 ሲቀነስ 35 ነው የሚል ልጅ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ይህ ልጅ መቀነስን አያውቅም ማለት አይደለም። በአንድ ቤት ከ2 ላይ 7 ሊቀነስ ስላልቻለለት ገልብጦ ከ7 ላይ 2 ቀንሶ 5 ጻፈ፤ በአሥር ቤት ደግሞ ከ5 ላይ 2 ቀንሶ 3 ጻፈ። እንዲሁም ሦስት መቶ አራትን 3004 ብሎ የሚጽፍ ልጅ 300 ከጻፈ በኋላ 4 ጨመረበት፤ እንደ ሰማው ጻፈ እንጂ በግምት አልጻፈም። ስለዚህ አስተማሪው በቀይ ቀለም ከመሰረዙ በፊት «እንዴት አገኘኸው? እንዴት አገኘሽው?» ብሎ ይጠይቅ። ትክክለኛ መልስ የሰጠውንም ልጅ እንዲሁ ይጠይቅ፤ ከጓደኛው የገለበጠ ይሆናልና።

ሐ) በሚዳሰስ ነገር ማስተማር። የሚያስፈልገው መሣሪያ ሁሉ በመንደሩ አለ። ቀጫጭን እንጨቶች ይቈረጡ፤ አሥር አሥሩም በእንሰት ቃጫ ይታሰሩ። 52 ማለት አምስት እስርና ሁለት ነጠላ እንጨት ነው። ከዚህ 27 ለመስጠት ሰባት ነጠላ ያስፈልጋል፤ ያለው ግን ሁለት ነው። ስለዚህ ልጁ አንዱን እስር በገዛ እጁ ይፍታ፤ አራት እስርና አሥራ ሁለት ነጠላ ይሆንለታል። ሰባት ነጠላና ሁለት እስር ሲሰጥ ሁለት እስርና አምስት ነጠላ፥ ማለት 25፥ ይቀርለታል። መበደር የሚባለው ነገር እስሩን መፍታት መሆኑን እጁ ካወቀ በኋላ ልቡ አይረሳውም። ከዚህ በኋላ እስሩን በሥዕል ይሣል፤ በመጨረሻ በቍጥር ብቻ ይጻፍ። ከእጅ ወደ ሥዕል፥ ከሥዕል ወደ ቍጥር ማለፍ አለበት፤ በቍጥር የጀመረ አስተማሪ ግን ጣራውን ከግድግዳው በፊት እንደሚሠራ ሰው ነው።

መ) የሚያውቀውን ይዞ ወደማያውቀው መሄድ። የማባዛትን ሠንጠረዥ በቃሉ ያልያዘ ልጅ እጥፍ ማድረግን ያውቅ ይሆናል። 17ን በ6 ለማባዛት፥ የ17 እጥፍ 34፥ የ34 እጥፍ 68 ነው። 34 የሁለት፥ 68 የአራት ድርሻ ነው፤ ሁለትና አራት ስድስት ስለ ሆነ 34ና 68 ሲደመሩ 102 ይሆናል። በእጥፍ የማባዛት መንገድ በጥንት ግብጽ ይሠራበት ነበር፤ በውጭ አገር መጻሕፍትም የኢትዮጵያ ማባዛት ተብሎ ይጠራል። ይህ መንገድ ሠንጠረዡን ማጥናት አያስቀርም፤ ነገር ግን ልጁ ሠንጠረዡን እስኪይዝ ድረስ ያለ ተስፋ እንዳይቀመጥ ያደርገዋል።

ሠ) ጊዜና ቍጥር። በአንድ መጠን ላይ ያሉት ከአምስት እስከ ስምንት ልጆች ባንድ ላይ ይሰብሰቡ፤ በሳምንት አራት ቀን ለግማሽ ሰዓት ያህል ይማሩ። ይህ ሰዓት ከጨዋታቸው ጊዜ አይወሰድ፤ እርዳታው ቅጣት መስሎ ይታያቸዋልና። አስተማሪው ለእያንዳንዱ ልጅ በደብተር አንድ ገጽ ይክፈት፤ ልጁ የቆመበትን፥ የተሳሳተበትንና የተሻገረበትን ቀን ይጻፍ። በስድስተኛው ሳምንት ሰባቱን ጥያቄዎች ቍጥራቸውን ለውጦ እንደ ገና ይጠይቅ። የተሻገረው ልጅ ወደ ጓደኞቹ ይመለስ፤ ያልተሻገረው እንዲቈይ ሆኖ፥ የተማረበት መንገድ ይለወጥለት።

«አንድ አስተማሪ ለዚህ ሁሉ ጊዜ ከወዴት ያገኛል?» የሚል ይኖራል። ትልልቆቹ ተማሪዎች ታናናሾቹን ማስቈጠርና እስር ማስፈታት ይችላሉ፤ በማስተማርም ራሳቸው ይጠነክራሉ። መርሐ ግብሩን ለመጨረስ የሚጣደፍ አስተማሪም «የቸኰለች አፍሳ ለቀመች» የተባለውን ያስብ፤ ያልገባውን ልጅ እየጐተተ መጽሐፉን የጨረሰ ሰው በሚቀጥለው ዓመት የፈሰሰውን ሲለቅም ይኖራል።

ክፍል ፭። ሊደረግ የማይገባው

በጣቱ የሚቈጥር ልጅ አይመታ፤ ጣት ከእግዚአብሔር የተሰጠ የመጀመሪያው መቍጠሪያ ነው፤ ልጁ በበረታ ጊዜ ራሱ ይተወዋል። የደካሞች ክፍል፥ የሰነፎች ወንበር የሚባል ስም አይሰጥ፤ ስሙ በልጁ ላይ ተጣብቆ ይቀራልና። ያልገባውን ሒሳብ መቶ ጊዜ እንዲጽፍ አይታዘዝ፤ ስሕተቱን መቶ ጊዜ ያጠናዋል እንጂ አያርመውም። ሴት ልጅ ለሒሳብ አልተፈጠረችም አይባል፤ በገበያ ቆጮና ቅመም ሸጠው መልሱን ሳያሳስቱ የሚመልሱ እናቶች በዲላ ብዙዎች ናቸው።

ክፍል ፮። የሽማግሌዎችና የወላጆች ድርሻ

የጌዴኦ ሽማግሌዎች በሶንጎ ተቀምጠው የመንደሩን ነገር ይመክራሉ፤ ጠብ ያበርዳሉ። ይህም ጕዳይ ከምክራቸው ሊገባ ይገባዋል። ልጅ በለቀማ ወራት ቤተ ሰቡን አይርዳ ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ሽማግሌዎቹና ርእሰ መምህሩ ከጥቅምት በፊት ተገናኝተው ልጆች ጧት ተምረው ከሰዓት በኋላ እንዲለቅሙ፥ ወይም ያመለጣቸው ትምህርት በጥር እንዲካካስ ሊስማሙ ይችላሉ።

ወላጅም ማንበብ ባይችል እንኳ ልጁን በሒሳብ ሊረዳው ይችላል። ቡና ሲመዘን የሚዛኑን ቍጥር ልጁ ያንብብ፤ ገንዘብ ሲቀበል ልጁ ይቍጠር፤ ጨው ሲገዛ መልሱን ልጁ አስቀድሞ ይናገር። ልጅቱ ውኃ በመቅዳትና ቆጮ በመሥራት ብቻ እንዳትያዝ፥ ወንድሞችዋ ሥራውን ይካፈሉአት። ልጁ በተሳሳተ ጊዜ አባት አይሣቅበት፤ «እንዴት አገኘኸው?» የሚለው ጥያቄ በቤትም መልካም ነው።

አንድ ልጅ ከመቀነስ ወደ ማባዛት በተሻገረ ጊዜ መለከት አይነፋም፤ ድግስም አይደገስም። ነገር ግን ያ ልጅ አድጎ የአባቱን ቡና በሚዛን ፊት ሲያስመዝን የሚያየው ሰው፥ ያ ግማሽ ሰዓት በከንቱ እንዳልጠፋ ያውቃል።

በአስተማሪዎች ስብሰባ የሚመከርባቸው ጥያቄዎች

፩. አንድ ልጅ ከ63 ላይ 28 ሲቀነስ 45 ነው ቢል፥ ምን አስቦ ነው? በምን መሣሪያስ ይታረማል?
፪. አንዲት ልጅ አራት መቶ ሰባትን 4007 ብላ ብትጽፍ፥ ያወቀችው ምንድር ነው? ያላወቀችውስ?
፫. 27 ኪሎ እሸት ቡና፥ ኪሎው በ58 ብር ቢሸጥ፥ ዋጋው 1,566 ብር መሆኑን በእጥፍ የማባዛት መንገድ አሳዩ።
፬. በትምህርት ቤታችሁ በለቀማ ወራት ከሁሉ ይልቅ የሚያመልጠው የሒሳብ ትምህርት የትኛው ነው? በጥር ማን ያስተምረዋል?